ብረት የምገፋው ለማን እንደሆነ

ውድ ተውፊቅ፣

መጀመሪያ የመዝለያ ገመዴን መልስ። ስትሄድ ሻንጣህን ያሰርክበትን ማለቴ ነው። ይኸው በልብስ ማስጫ ገመድ ስዘል ቁርጭምጭሚቴ ተላልጦ አለቀ። ሌባ!

ደግሞ ፎቶህ ደርሶኛል። ባለፈው ኔትወርክ ብልጭ ሲል ካንተ የመጣው እሱ ብቻ ነው፦ ዱባይ ጂም ውስጥ፣ መስተዋት ፊት፣ ደረትህን ዘይት ቀብተህ። ከሥሩም፣ «አጎቴ፣ አሁንም ብረት ትገፋለህ አሉ። በዚህ ዕድሜ ለማን ብለህ ነው?» ትላለህ።

በአንተ ዕድሜ ለቡሪ ሰፈር ቆነጃጅት ነበር፤ አልዋሽህም። በብርድ እንኳ እጅጌዬን ሰብስቤ ነበር የምዞረው። ስጎለምስ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ጆንያ ተሸካሚ ሆንኩና ለእንጀራዬ ሆነ። ከሻ መጥቶ ፖሊስ ወረቀት የሌለንን ሲያፍስ ደግሞ ለመሮጫዬ። ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቼ ብረት ማንሳት ያስተማርኩህ ያኔ ነው።

አሁን ለእናትህ ነው። እህቴ ሀጀራ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከሦስተኛ ፎቅ የምትወርደው በእኔ ጀርባ ነው። ነግሬሃለሁ፤ «ኢንሻአላህ መላ እንፈልጋለን» ብለህ ስልኩን ዘጋኸው። ጥይት ሲንጣጣ ያንተ ኢንሻአላህ አያወርዳትም! ስለዚህ በየማለዳው አንድ ጆንያ አሸዋ በምትከናነበው ቶቧ አዝዬ ደረጃውን እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ጎረቤቶች፣ «ያ ሐጅ፣ መብሩክ! ወንድ ነው ሴት?» ይሉኛል። «ሴት ናት፤ እንደ እህቴ ግን አትሳደብም» እላቸዋለሁ።

እህቴማ ጀርባዬ ላይ ሆና፣ «ወንድምዓለም፣ ግመል እንኳ ካንተ ቀስ ብሎ ይነሳል» ትለኛለች። ፎቶህን ሳሳያት ስልኩን ዐይኗ ሥር አስጠግታ ብዙ አየችው። «ማሻአላህ፣ ክንዱ! እኔን እኮ እንደ ላባ ነበር የሚያነሳኝ» አለች። ስልኩን ግድግዳው ላይ ልፈጠፍጠው ቃጣኝ።

ያ ክንድ ብረት አንስቶ እዚያው መልሶ ያስቀምጣል። እኔ የማነሳትን መሃል ደረጃ ላይ ላስቀምጣት አልችልም። ትናንት ጉልበቴ ከድቶኝ ወደቅኩ። አልሐምዱሊላህ፣ አሸዋው ነበር። እሷ ብትሆንስ?

ከጁምዓ በኋላ ጦርነቱን ሸሽተን ወደ ገዳሪፍ በሚሄድ መኪና እንወጣለን። መኪናው ሰፈር ስለማይገባ እስከ አስፋልቱ አዝያት ነው የምሄደው። እስከዚያ ጉልበቴን ላሳርፈው ብዬ

ቆይ፣ በር ተመታ።

የሚወስደን ሹፌር፣ ቢልልኝ ነው። «መንገዱ ሊዘጋ ነው ተባለ! ያላ፣ ይማም፣ አሁኑኑ! ሞተር አላጠፋሁም» ብሎ ደረጃውን በሩጫ ወረደ።

እናትህ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ክንዶቿን ዘርግታልኛለች። «ለልጄ ደህና ናት በለው» ትለኛለች።

አልልህም።

አጎትህ ይማም