ስለ እናቴ ጉልበት አብዝተው ለሚጨነቁት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የስልክ ሽያጭ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ለክብርዎ የሚገባውን ሰላምታ እያቀረብኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤና እንደምትገኙ፣ በተለይም ጉልበትዎ እንደማያስቸግርዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ጉልበትን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እናቴ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ፍቱን የተባለውን የጉልበት ኪኒናችሁን በስልክ ስትገዛ ከርማ፣ እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ ባለው ቤቷ ካርቶኑ ከአልጋ ሥር ተርፎ በረንዳውን ይዟል፤ ጉልበቷ ግን ያው ነው።

፩. በቅድሚያ ለሠራተኛዎ ለሊያት ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። ይህች ልጅ ጥርት ባለ አማርኛ እየደወለች ስለ እናቴ እንቅልፍ፣ ስለ ደም ግፊቷ፣ ስለ ልጅ ልጆቿ ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይዋ አትገባም። እናቴ ባደገችበት በጎንደር ገጠር እንዲህ አድርጎ ሰላም የሚል ሰው የጨዋ ልጅ ነው፤ የጨዋ ልጅን ደግሞ አሳፍሮ መመለስ ነውር ነውና የባንክ ካርዷን ቁጥር ስትጠየቅ ሳትሳሳ ነገረቻት።

፪. እኔ ልጇ አንሙት እዚሁ ከተማ፣ ካርሜ ጋት ሰፈር እየኖርኩ፣ ከፋብሪካ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ እደውልና የጎደለ ነገር መኖሩን ብቻ ጠይቄ እዘጋለሁ። ስለ ጉልበቷ ጠይቄያት አላውቅም፤ እናንተ ግን ጠየቃችሁ። አፍሬያለሁ፣ አመሰግናለሁም።

፫. ነገሩን ከደረስኩበት በኋላ ካርዱን አሰረዝኩ፤ እናቴንም አስቀምጬ፣ ስለ ጤናዋ አብዝቶ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ መሆኑን፣ ሌቦች ዛሬ የዘመድ ድምፅ እንኳ እንደሚያስመስሉ፣ ስለዚህም ሳታስጨርስ እንድትዘጋ አስተማርኳት። ትምህርቴ ሠራ። ታላቅ እህቷ ሙሉሽ ለቤተ እስራኤል የሲግድ በዓል ከልጃቸው ስልክ ደውለው፣ እንደ ወጋቸው ከእንቅልፍ ጀምረው ጉልበት ላይ ሲደርሱ እናቴ ጆሯቸው ላይ ዘጋችባቸው። አክስቴ ተቀይመው ከዚያ ወዲህ ደውለው አያውቁም። ሁለቱ እህትማማቾች ወደዚህ አገር ሲመጡ ከጎንደር እስከ ሱዳን አብረው በእግር የተጓዙ ናቸው፤ እናንተ በኪኒን ጀመራችሁት፣ እኔ በምክር ጨረስኩት።

ስለዚህ የእናቴን ቁጥር ከመዝገባችሁ እንድትሰርዙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሊያትን እንዲህ ያለ ሰላምታ ላስተማሯት ለእናቷም አክብሮቴን ያድርሱልኝ፤ እሳቸውም ስልክ ሲያነሱ ይጠንቀቁ፤ የልጃቸውን መሥሪያ ቤት እኔ አውቀዋለሁና።

በእናቴ ቤት ከልጅ በላይ ለተቆጠረው ድርጅትዎ መልካም ገበያ የማልመኝ፣ ጥፋቱን ግን እኩል የምካፈል፣
አክባሪዎ አንሙት
ቂርያት ጋት

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ትናንት ከሊያት ትምህርት ወስጄ፣ ከአውቶቡስ ወርጄ፣ ረጋ ብዬ ለእናቴ ደወልኩላት። ስለ እንቅልፏ ጠየቅኩ፣ ስለ ደም ግፊቷ ጠየቅኩ፤ ጉልበቷ ላይ ስደርስ ዘጋችብኝ። መልሼ ብደውልና አንሙት መሆኔን ብነግራት፣ ልጇ እንዲህ አድርጎ ጠይቋት እንደማያውቅ አስረድታ በድጋሚ ዘጋችው።