ክለብ የሌለው ማልያ

ሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን

ለውድ ባለቤቴ፣

"ውድ" ማለቴ አይግረምህ፤ ጥለኸን ከሄድክ ሁለት ዓመት ቢሆንህም ወረቀቱ ላይ ገና ባልና ሚስት ነን። ደህና መሆንህን ትናንት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቦርጭም አውጥተሃል። እኛም ደህና ነን። ስለ ብስክሌት ውድድሩ አልነግርህም፣ ነበርክበት። የማታውቀውን ልንገርህ።

መጋቢት ላይ ልጃችን አንተ በምታሰለጥነው ክለብ ልትፈተን ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ መጥታ ነበር። በተፈታኞቹ ሴቶች ሁሉ ፊት "ለአንቺ የሚሆን ማልያ የለንም፤ ሂጂና ለእናትሽ መርፌ ክር አስገቢላት" አልካት። እሷ ወደ ቤት ተመለሰች። "እንዴት ሆነ?" ስላት "ሞልቷል አሉኝ" ብላ ተኛች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የሰፈራችን ጎማ ለጣፊ ከአንዷ ተፈታኝ ሰምቶ የነገረኝ። ደሜ ፈላ። የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር፤ እንዳለ ወረወርኩት።

ከዚያ ትተኸው የሄድከውን ሻንጣህን ከፈትኩ። ያቺን ያሸነፍክባትን፣ ማንም እንዳይነካብህ ያልካትን ማልያህን አውጥቼ በምላጭ ተረተርኳት። ፊት፣ ጀርባ፣ ሁለት እጅጌ፣ ሦስት ኪስ ሆና ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋች። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቅሃለሁ።

በቁርጥራጮቿ ልክ ወረቀት ቆርጬ፣ ወረቀቱን ለልጃችን አጠበብኩት። ጨርቁን ቢጫ ገዛሁ፤ አንተ ቢጫ እንደማትወድ ጠፍቶኝ አይደለም። የመጀመሪያውን አበላሸሁት። የሚለጠጥ ጨርቅ የሚለጠጥበት ጎኑ ሰውነትን መዞር አለበት፤ እኔ በችኮላ ወደ ቁመት አድርጌ ቆረጥኩት። ስትለብሰው ደረቷን አንቆ ያዛት።

"እማዬ፣ በቃ እንተወው" አለች።

"ዝም በይና ብስክሌትሽን ሳሎን አስገቢው።"

ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፋ ወጣችበት። "ቆሜ አትለኪኝም?"

"ቆመሽ ልትነጂ ነው እንዴ? ጎንበስ በይ!"

ጎንበስ ስትል የተበላሸው ማልያ ሽቅብ ሸሸና ወገቧ ተራቆተ። ስለዚህ አዲሱን ከኋላ አራት ጣት አስረዘምኩት። ንዴቴ እስኪበርድ አንድ ቀን አሳድሬ፣ ጨርቁን በጣቴ እየሳብኩ፣ ጠርዙ እየተጠቀለለ ሲያስቸግረኝ በስፒል እየያዝኩ፣ ቀስ ብዬ ቆረጥኩ። በእያንዳንዱ ቁራጭ የአንተን ስም አነሳ ነበር፤ በመልካም እንዳይመስልህ።

ጀርባው ላይ የክለብ ስም የለም። ሆን ብዬ ነው። ስድስቱ ተወዳዳሪዎችህ ትናንት ጠዋቱን ሙሉ ሲያዩት ያረፈዱት ያንን ባዶ ቢጫ ነው። እሷ ሁለተኛ ወጣች፤ ከአንተዎቹ የተሻለችው አምስተኛ። ዳኛው ጠጋ ብሎ "ቢጫዋ የማን ናት?" ሲልህ ሰምቻለሁ። ምን እንደመለስክለት አልሰማሁም፤ ግንባርህን ስትጠርግ ግን አይቻለሁ። አንጀቴ ራሰ። የማልያህ ቁርጥራጭ አሁን የስፌት መኪናዬ ዘይት መጥረጊያ ሆኗል።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልጨርሰው ነበር። ግን ልጅቷ የመጨረሻውን መስመር ስታልፍ ውሃ ይዤ ሮጥኩላት። አልተቀበለችኝም። ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ በትከሻዬ ላይ አሻግራ እያየች፣ "አባዬ አየኝ?" አለችኝ።

"አይቶሻል" አልኳት።

አንተ ግን አንገትህን ደፍተህ ሰዓትህን ትነካካ ነበር።

የሚመጣው እሁድም ትወዳደራለች። ይቅርታ ከእኔ አትጠብቅ፤ የለኝም። ግን እሷ ስታልፍ ቀና በል።

ዕድሜህን ያርዝመው፣ ዓይንህን ያብራው፤ እሷ የምታሸንፍበትን ቀን ሁሉ ሳታይ እንዳትሞት።

የልጅህ እናት