የጓሮው መስኮት

መስከረም 21 ቀን 1966፣ ሰኞ ጠዋት

እሳቱን አጠፋሁ። ክብሪቱን ደበቅሁ። በሩን ከውጭ ቆልፌባት መ/ቤት ገባሁ። እማዬ ዛሬም አባባ ከጢቾ መጣ ወይ አለችኝ። አባባ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ነገ ይመጣል አልኳት፤ ደስ ብሏት ነጠላዋን አስተካከለች። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ወገቧን ነው የሚያማት እላለሁ። ያቺን የመሰለች ሴት ጃጀች ሲሏት መስማት አልችልም። ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ።

መስ. 23፣ ረቡዕ

ጉድ! ራሴን አሞኝ በምሳ ሰዓት ብመጣ ቤቱ ባዶ። በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ የጓሮው መስኮት ግን ወለል ብሏል። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት በመስኮት! ጎረቤታችን እትዬ አሚና ቤት ቁጭ ብላ ትበላለች። ምድጃው ላይ ለማፍጠሪያ የተጣደ ሥጋ ይሸታል። እማዬ፣ የእስላም ሥጋ ባፏ ዞሮ የማያውቅ! በዚያ ላይ ረቡዕ። ሳህኑን እንኳ ሳላይ ጮህኩ። ያልኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል። እጇን ይዤ ስጎትታት እማዬ አለቀሰች።

መስ. 25፣ ዓርብ

ፈቃድ ወስጄ ሆ/ል ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ንጉሡ ማን ናቸው ብሎ ጠየቃት። ምነው አንተ አታውቃቸውም አለችው። ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ የሚያድን መድኃኒት የለውም አለኝ። አትቆልፊባት፣ የለመደችው ሰው አጠገቧ ይኑር። ማን? ሥራዬን ብተው ምን እንበላለን? እሷ ግን መንገዱን ሁሉ ክንዴን ይዛ ስንዴው አማረ ትላለች። ስወዳት!

መስ. 26፣ ቅዳሜ

እትዬ አሚና ዘንድ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። አስቀመጡኝ። ማጀት ገብተው አንዲት ትንሽ ድስት አመጡ። ለእማዬ ብቻ የተለየች ናት አሉኝ። ሥጋ ገብቶባት አያውቅም፤ ረቡዕና ዓርብ ቅቤም አይነካትም። ሮመዳን ይዘው፣ ምራቃቸውን እየዋጡ፣ ለእማዬ ሽሮ ይሠራሉ! ለካ ከአዲስ ዓመት ወዲህ በየቀኑ በመስኮት ትወጣለች። እኔ ሳልመጣ እሳቸው በርጩማ ላይ አቁመው፣ ከኋላ ደግፈው መልሰው ያስገቧታል፤ እንዳልደነግጥ፣ እንዳላፍር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ነኝ።

እማዬ ሥጋውን ስጪኝ ትላቸዋለች አሉ። ሲከለክሏት ስስታም ብላ ትሰድባቸዋለች። ታዲያ ለምን አይሰጧትም፣ እሷ እንደሆነች ረስታዋለች አልኳቸው።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ነገ ልባቸው ሲመለስ ቢጠይቁኝ ምን ልላቸው ነው?"

አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ።

መስ. 28፣ ሰኞ

ቁልፉን ጠዋት ለእትዬ አሚና ሰጠሁ። ለሰፈሩም ራሴ ተናገርኩ፤ እማዬ ወገቧን አይደለም የሚያማት አልኳቸው። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼላት ወጣሁ። ማታ ስገባ እትዬ አሚና እየሳቁ ጠበቁኝ። ክፍት በሩን ትታ ዛሬም በመስኮት ነው የሄደችው። መንገዱ እሱ ነው ብላለች።

ነገ አናጢ እጠራለሁ። ከመስኮቱ ሥር፣ በውስጥም በውጭም፣ ደረጃ ይሠራላታል።