ካልሲውን ሰፋ አድርገው ይሥሩልኝ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አማቴ፣

ከሁሉ በፊት ስለ ጉልበትዎ ልጠይቅ። ደረጃውን አሁንም በአንድ ትንፋሽ ይወጡታል ወይስ መሐል ላይ ቆመው ጎረቤት ያማሉ? ዓይንዎስ እንዴት ነው? የክሩን ቀለም ለመለየት መስኮት ድረስ መሄድ ግድ ሆኗል ሲሉ ሰምቼ አሳስቦኛል። ሳልዎ ደግሞ ለቀቀዎት ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የምለው አፌን ሞልቼ አይደለም፤ ግን እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ምድጃችን ይነዳል። ልጅዎ ሰላም ይልዎታል ብዬ እንዳልጽፍ፣ ይህን ደብዳቤ መጻፌን አያውቅም። ዛሬ ነፋሱ ከባድ ስለሆነ ውኃ ላይ አልወጣሁም። እሱ ከኋላዬ ተቀምጦ መንጠቆ ይስላል። ለእህቴ የምጽፍ መስሎታል።

ባለፈው በስልክ «እማዬ፣ ዘንድሮ አትምጪ፤ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ብርዱም አይመችሽም» ሲልዎ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። እርስዎም «እሺ» አሉት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ለትልቋ ልጅዎ «ምራቴ ናት እንዳልመጣ ያደረገችኝ» ማለትዎን ሰምቻለሁ፤ እሷ እንደሆነች ነገር ሆዷ ውስጥ አያድርላትም። አልዋሽዎትም፣ አንጀቴ አረረ። እርስዎ ሲመጡ አልጋችንን ለቀን መሬት ላይ ስንተኛ ቤቱ ጠቦን ያውቃል? በማንኪያ አጣጣቤ ሳይቀር ሲተቹኝስ ተቀይሜ አውቃለሁ? እሺ፣ በማንኪያው ትንሽ ተቀይሜያለሁ። ግን እንዳይመጡ ተመኝቼ አላውቅም።

እውነቱን ብነግርዎ ነገሩ በአንድ መስመር ባለቀ ነበር። ልጅዎ ግን አንድ ነገር ለእርስዎ እንዳልናገርም እንዳልጽፍም አስምሎኛል። ያስማለኝ ደግሞ በእርስዎ ነው። «እማዬ ትሙት በይ» አለኝ፤ አልኩ። እንዲህ ያለ መሐላ እንዴት ይበላል? ስለዚህ ስለ እሱ ምንም አልጽፍም። የምጽፍልዎ ስለ እኔ እግር ነው።

አይሳቁብኝና፣ ብርዱ ከገባ ጀምሮ ሐይቁ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ። የልጅዎን ካያክ ያውቋታል፣ ያቺን ለአንድ ሰው ብቻ የምትሆን ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ። ቢጫ ስለሆነች ዓሣ አጥማጆቹ «ሙዝ» ይሏታል። ልጅዎን ባለሙዙ ይሉት ነበር፤ እኔ አሁን «እመት ሙዝ» ተብዬ ቁጭ ብያለሁ። መታጠቢያ ቤት ውኃው ቀዝቃዛ ነው ብዬ ስጮህ የሚያውቁኝ ሴትዮ!

በትልቅ ጀልባ የሚወጣ ሰው ይቆማል፣ ይንጎራደዳል፣ መረብ ሲጎትት ያልበዋል። ካያክ ላይ ግን እግርን ዘርግቶ መቀመጥ ነው። ክንድ ይቀዝፋል፣ ወገብ ይዞራል፣ እግር ብቻ ሥራ ፈት ነው። ከመቅዘፊያው የሚንጠባጠበው ውኃ ወርዶ ተረከዝ ሥር ይጠራቀማል። ሐይቁን ከእግሬ የሚለየው ያ ስስ ፕላስቲክ ብቻ ነው። መንጠቆውን ጥዬ ዓሣ እስኪነካው ዝም ብዬ ስጠብቅማ ብርዱ ከአውራ ጣቴ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይመጣል።

መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ልጅዎ የጥጥ ካልሲዬን አየና አስወለቀኝ። ጥጥ አንዴ ከረጠበ እርጥብ ጨርቅ ጠምጥሞ እንደ መቀመጥ ነው፤ ሱፍ ግን ቢረጥብም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም። ከቤት እስከ ውኃው ዳር በሌላ ካልሲ እሄድና ደረቁን የማጠልቀው ጀልባዋ ዘንድ ስደርስ ነው፤ በመንገድ ያላበው እግር ውኃ ላይ ይከዳል። ተረከዜ ሥር ውኃ የማይጠጣ ስፖንጅ ቆርጦ አንጥፎልኛል። ቆብ ካላደረግሁ ደግሞ አያስወጣኝም፤ እግር መሞቅ የሚጀምረው ከራስ ነው ይላል። እሱ ራሱ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አድርጎ አያውቅም ነበር። አሁን መምህር ሆኖልኛል፣ ያውም ቁጡ መምህር። ሲቆጣ እርስዎን ቁርጥ ነው፤ ቅንድቡ ሳይቀር።

ጠዋት ጠዋት ከመውጣቴ በፊት እግሬን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የጎማ ቦቲዬን የሚሞክርልኝ እሱ ነው። «ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ» ይለኛል፣ በጎማው ላይ በመዳፉ ይዳስሳል። እንቅስቃሴው ካልተሰማው ያወልቀውና እንደገና ይጀምራል። አንድ ቀን ቸኩዬ «በቃህ፣ እግር ነው፣ ዕንቁላል አይደለም!» ስለው ቦቲውን እቅፍ አድርጎ አልሰጥም አለኝ። ቀና ስል ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ደጋግሞ ነግሮኛል። ብርዱ እግርሽን እስካመመሽ ድረስ አትፍሪ፤ ማመሙን ሲተው ግን ዓሣው መንጠቆሽ ላይ ቢሆንም ክሩን ቆርጠሽ ውጪ አለኝ። ሰው ሕመሙ ሲጠፋ የሞቀው ይመስለዋል። «እኔም ሞቀኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ። ከዚህ በኋላ ያለው መሐላዬ ውስጥ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ ካልሲዎቹ ልምጣ፤ ብዙ ወረቀት የቀደድኩት እዚህ ላይ ነው። ዓምና ሦስት ጥንድ ልከውልን ነበር፣ እነዚያን ወፋፍራም ግራጫዎቹን። በደወሉ ቁጥር «ካልሲውን አድርገሃል? ሦስቱንም?» ይሉት ነበር። ልጅዎ እርስዎን መዋሸት አይሆንለትም። «አድርጌያለሁ» ለማለት ሲል ሦስቱንም ደራርቦ ያንን ጠባብ ቦቲ በግድ ያጠልቃል። እኔም ጎማውን ይዤ እስብለት ነበር፤ «የእናትህ ፍቅር አልገባ አለ» እያልኩ እስቅ ነበር።

ለካ የታፈነ እግር አይሞቅም። ይህን ያስረዳችኝ ነርሷ ናት። እግርን የሚያሞቀው ደሙ ነው አለችኝ፤ ካልሲው ሙቀቱ እንዳይሸሽ ይጠብቃል እንጂ ሙቀት ከየትም አያመጣም። ደሙ ታንቆ መተላለፊያ ሲያጣ ሱፉ ቢደራረብ ምን ዋጋ አለው? ከነርስ ጋር ምን አገናኘሽ ካሉኝ፣ እሱንም እዘለዋለሁ።

አንድ ሰሞን ወቅሼዎት ነበር። ወረቀት ላይ ሲወጣ ደስ አይልም፤ ግን እውነት ነው። የላኩልን አዲሱ የካልሲ ጥቅል ሲደርስ፣ ከፊተኞቹም የወፈሩ መሆናቸውን ሳይ፣ አልጋ ሥር ወረወርኩት። እሱ ግን ጥቅሉን እንዳወጣለት ጠየቀኝና አንዱን ካልሲ ጉንጩ ሥር አድርጎ ተኛ። የዚያን ዕለት እየተናደድኩም እያዘንኩም አለቀስኩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ልቤ ወደ ቦታው የተመለሰው። እማማ፣ ጥፋቱ የእርስዎ እጅ አይደለም። ቦቲው ጠባብ ነበር፤ በቃ። ሰፊ ቦቲ እንግዛ ማለትን እሱም እኔም አላወቅንም። ይህን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ። እሱ የሚደብቅዎ ለራሱ ፈርቶ አይደለምና። «ካወቀች ዳግመኛ የሹራብ መርፌ አታነሳም፤ እሱ ከሌለ ደግሞ ቀኑን በምን ትገፋዋለች?» ይለኛል።

እኔ ግን መርፌዎን እንዲያነሱ እፈልጋለሁ። ለእኔ ይሥሩልኝ። ስስ ይሁን፣ አንድ ጥንድ ይበቃኛል፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ላላ፣ ጣቶቹ ጋ ሰፋ ያለ። የእግሬን ልክ በዚህ ወረቀት ጀርባ በእርሳስ አዙሬ ስያለሁ፤ ትልቅነቱን አይተው ለትልቋ ልጅዎ እንዳይነግሩብኝ አደራ። ለልጅዎ ካልሲ አይሥሩለት። የአንገት ልብስ ይሁንለት፤ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ስለሚውል አንገቱን ይበርደዋል።

የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መጀመሪያ ላይ ተሰብስበው ይጠይቁት ነበር፤ አሁን እያንዳንዳቸው ሥራ በዝቶባቸዋል። ቀኑን ብቻውን ይውላል። ከሐይቁ ስመለስ የተውኩት ቦታ ላይ አገኘዋለሁ፣ ያቀረብኩለት ምግብ ደርቆ። የያዝኩትን ዓሣ ሳሳየው «ጎበዝ» ይልና መልሶ ውኃውን ያያል። ውኃው እንደሆነ ሰሞኑን ከሰማዩ ጋር አንድ ዓይነት ሆኗል፣ የት እንደሚጀምር እንኳ አይለይም። ከትናንት ወዲያ «እኔ ባልኖር የሚቀልሽ ይመስለኛል» አለኝ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሳህን ማጠቤን ቀጠልኩ፤ ያንኑ ሳህን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። የራሴን እግር ማሞቅ ችያለሁ። እሱን ማሞቅ አቃተኝ።

ስለዚህ ይምጡ። እሱ አትምጪ ቢልዎትም እኔ ይምጡ እላለሁ። ያስማለኝ እንዳልናገር ነው፤ እንዳልጠራዎት አላስማለኝም። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ደውለው አይጠይቁት፤ ድምፅዎን ሲሰማ እንደገና ቤቱ ጠባብ ነው ይልዎታል። ልብስዎን ይሸክፉና ይነሱ። አውቶቡሱ የሚቆምበት ድረስ ወጥቼ እቀበልዎታለሁ፣ ሻንጣዎን እኔ እይዛለሁ፣ ማንኪያውንም እርስዎ እንደሚወዱት አጥባለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ቤት ሲገቡ ልጅዎ እንደ ወትሮው በር ድረስ ሮጦ አይቀበልዎትም። ከወንበሩም አይነሳልዎትም። ንቀት አይምሰልዎ። ጭኑ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አይመልከቱ፤ ፊቱን ይዩት። ዝቅ ይበሉና ይሳሙት፤ የቀረውን እሱ ራሱ ይንገርዎት።

መንገዱ ይቅናዎ፣ ጉልበትዎ ይጽናልዎ፤ እጅዎንም ክፉ አይንካው።

ከፈቀዱልኝ ልጅዎ፣
ካልፈቀዱልኝም ምራትዎ