ሳላይ የፈረምሁለት የስለት በሬ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ፈረምሁ። አፉን ሳልከፍት፣ ሰኮናውን ሳላነሣ «ጤነኛ ነው» ብዬ ፈረምሁ። ቢሮ ወስጄም ማኅተም አስደረግሁበት። በእንስሳት ሕክምና አሥራ ሁለት ዓመት ስሠራ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

አባባ ትናንት ከዱርቤቴ እኔ ዘንድ ባሕር ዳር በአይሱዙ መጡ፤ ከነቦራ። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት በሬያቸው ነው። የዛሬ አራት ዓመት በወሊድ ልሞት ስል «ልጄን አትርፊልኝ» ብለው ለኪዳነ ምሕረት የተሳሉት ነው። እኔም ልጄም ተረፍን። ቦራ ያኔ ጥጃ ነበር፤ ቀንበር ሳያስነኩ አሳደጉት። እሑድ በዓሏ ነው፤ ዘጌ ካለው ደብር መግባት አለበት። በማግስቱ ዐቢይ ጾም ይያዛል፤ ይኸ ቀን ካለፈ እስከ ፋሲካ አይታረድም። መኪናው ዓርብ ጠዋት ይነሣል፣ ያለ ጤና ወረቀት ደግሞ አይጭንም።

ዛሬ ጓንቴን አጥልቄ ቀረብሁና መንጋጋውን ልይዝ ስል፣ አባባ ነጠላቸውን አስተካክለው «የእመቤቴን ገንዘብ እንዲህ አትጎትችው እንጂ ልጄ» አሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ መሪጌታ ናቸው። አፈርሁ። ሌላ ገበሬ ቢሆን «ዞር በሉልኝ አባቴ» ነበር የምለው። ዐይኑን አየሁ፣ ጀርባውን ዳበስሁ፣ ፈረምሁ። በቃ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ቦራ አልበላም። ለሃጩ ይዝረበረባል።

ለራሴ የደረደርሁት ምክንያት፦
የመንገድ ድካም ነው። ገመዱን አሳጥረው ስላሰሩት ሲንገዳገድ ነው የመጣው፤ ከሥሩ ጭድ አልነበረም፤ ውሃም አላጠጡትም።
የባሕር ዳር ሙቀት ነው።
ሣሩን አልለመደውም።

ሦስቱም ሊሆን ይችላል። ግን ቢሮ ውስጥ ሰው ቢነግረኝ አንዱንም አልቀበልም። የትኩሳት መለኪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አላወጣሁትም።

ጎረቤታችን እትዬ ደስታ አንዲት የምትታለብ ላም አለቻቸው። «እንግዳ ነው እኮ» ብለው ላማቸውን በሚያጠጡበት ባልዲ ለቦራ ውሃ አመጡለት። አየሁ። ዝም አልሁ። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብድግ ስል ዋልሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

አባባ ኪዳን ለማድረስ እንደ ወጡ አፉን ከፈትሁት። ምላሱ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ፣ አጠገቡ ደግሞ የፈነዳ ሌላ። ድዱ ተልጧል። የፊት ግራ እግሩን አነሣሁ፤ በሰኮናው መሐልም አለ። ትኩሳቱ ከአርባ አልፏል።

ገበሬው ማዝ የሚለው የአፍና የእግር በሽታ ነው። ትልቅ በሬ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ግን በለሃጭ፣ በገመድ፣ በጫማ ሳይቀር ይዛመታል። ነገ ቦራን የሚወስደው መኪና ሁለት የእርሻ በሬም ይጭናል፤ መንገድ ላይ ለሚወርዱ ገበሬዎች። በእኔ ወረቀት!

ማክሰኞ ባየው ኖሮ አገኘው ነበር? ምናልባት። ምናልባትም ገና አልወጣበትም። ይኸን መቼም አላውቀውም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

«ዘጌ እንደሆነ ከጥንት ከብት አይረባባትም፤ ማንን ይይዛል?» ይለኛል ውስጤ። እነዚያ ሁለቱስ?

ራት ላይ ልነግራቸው አፌን ስከፍት አባባ ቀደሙኝ። «የቀረኝ ይኸ ብቻ ነበር። ከእንግዲህ ብትወስደኝም ዕዳ የለብኝም» አሉ፤ ፊታቸው በርቶ። ወጥ ጨመርሁላቸው። አልነገርኋቸውም። ፈሪ!

ዓርብ፣ የካቲት 14

መኪናው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መጣ። ሁለቱ በሬዎች ላዩ ላይ ናቸው። አባባ ካባቸውን ለብሰው ገመዱን ሲፈቱ በሩ ላይ ቆምሁ።

«አይጫንም፤ ታሟል።»

ሾፌሩ «ወረቀት አለው አይደለም እንዴ እህቴ? ማነው ታዲያ የፈረመው?» አለ።

«እኔ።»

ወረቀቱን ከአባባ እጅ ተቀብዬ ቀደድሁት። ሾፌሩ እየተነጫነጨ ሄደ።

አባባ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። «ሳታዪው ነው የፈረምሽ?» አሉ። «አዎ አባባ።» «ምነው?» «እርስዎን አፍሬ።»

የፈቱትን ገመድ እጃቸው ላይ ጠቀለሉ። «እኔ ተማሪዬ ዜማ ሲስት የሹም ልጅ ነው ብዬ አልፈዋለሁ?» አሉ በመጨረሻ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጥለው «ነውር ያለበትንማ እንዴት አቀርብላታለሁ» ብለው አለቀሱ። አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። አብሬ አለቀስሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

የተሠራ፦ ለቢሮ ሪፖርት፤ ሳላይ መፈረሜንም ጻፍሁ። ሰኞ ቦራን ብቻውን ላመጣው ሾፌር ስልክ፤ መኪናውን በደንብ እንዲያጥብ። ዱርቤቴ ላለው ወንድሜ ስልክ፤ የቀሩትን ከብቶች ከገበያና ከወንዝ እንዲያርቅ።

የከበደኝ እትዬ ደስታ ነበሩ። «ባልዲውን ሳመጣ ቆመሽ ታዪኝ አልነበረም?» አሉኝ። የላማቸውን ትኩሳት ለካሁ፤ ደኅና ናት። ገና ስንት ቀን መጠበቅ አለ። እስኪ እሷን እንኳ ይማርልኝ። ስወጣ ደኅና ዋይም አላሉኝ። እውነታቸውን ነው።

አባባ የቦራን ቀንድ ይዘው፣ እኔ አፉን በጨው ውሃ አጠብሁለት። ሣር ስለሚወጋው የገብስ አጥሚት አፈላንለት፤ እንደ አራስ።

ከዚያ ወደ ደብሩ ደወሉ። አስተዳዳሪው «ልብዎን አይታለች፤ ሲድን ያመጡታል፣ ምን ያስቸኩላል?» አሏቸው። አባባ ስልኩን ዘግተው «እሳቸው ወጣት ናቸው» አሉ።

እሑድ፣ የካቲት 16

በዓሉ ያለ ቦራ ዋለ። ቅበላም ነውና ቤት ሁሉ ሥጋ ሥጋ ይሸታል፤ እኛ ቤት የተበላውን እንጃ።

ቦራ አጥሚቱን ጥቂት ላሰ። ትኩሳቱ ቀንሷል። እግሩን ግን እንዳነከሰ ነው። የእትዬ ደስታን ላም ደግሜ ለካሁ፤ ዛሬም የለባትም።

አመሻሽ ላይ አባባ «ፋሲካ መቼ ነው ያልሽኝ?» አሉ። ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩ ሰው! ቅርብ ነው እንድላቸው ፈልገው ነው።

«ቅርብ ነው አባባ፤ ጾሙ ሃምሳ አምስት ቀን ብቻ ነው» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሳሉ። ትንሽ ሳል ናት፤ ከሰኞ ጀምሮ አለች።

እስከዚያ አባባን አቆዪልኝ ብዬ ስለት ልሳል አልሁና አፌን ያዝሁ። የፊተኛውን መች አደረስን።