በእግር ሲሆን «ኦን» ነው

ረቡዕ፣ ኅዳር 9 ቀን 1996 ዓ.ም.፤ ሞላሌ

ስፈራቸው የሰነበትኩት ሱፐርቫይዘር ዛሬ መጡ። መምህር ከሆንኩ የመጀመሪያ ግምገማዬ ነው። ሰባተኛ ክፍል ገብተው ከኋላ ቁጭ አሉ።

የዛሬው እንግሊዝኛ ስለ ሥራና ወደ ሥራ ስለ መሄድ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ በባቡርና በአውቶቡስ ነው የሚሄደው። «የእናንተስ ቤተሰቦች በምን ይሄዳሉ?» ብዬ ጠየቅሁ። አስካለ ተነሥታ፣ «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ፋርመር። ሂ ጎስ ቱ ወርክ ባይ ፉት» አለች። «ባይ» ሳይሆን «ኦን ፉት» እንደሚባል ነገርኳት። አልተቀመጠችም።

«ቲቸር፣ በአውቶቡስ ሲሆን ባይ ካልን፣ በእግር ሲሆን ለምን ኦን ይሆናል?»

እኔ እንጃ! ፊቴ ጋለ። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አለቀልኝ አልኩ።

«ልጄ፣ እኔም አላውቀውም» አሏት እየሳቁ። «ብቻ ዛሬ የመኪናችን ጎማ ፈንድቶ፣ ወደ ሥራ የመጣሁት ኦን ፉት ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ እጁን የማያወጣ ጠፋ። የአንዱ አባት በበቅሎ ይሄዳሉ። የአንዷ እናት ደግሞ ቤት ተቀምጠው ሱፍ ስለሚፈትሉ የትም አይሄዱም፤ እሱንም በእንግሊዝኛ አለችው።

ሱፐርቫይዘሩ ሲወጡ በር ላይ፣ «እኔ ሳስተምር እንዲህ የሚጠይቀኝ ተማሪ አልነበረኝም። በርቺ» አሉኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር። ያየኝ ሰው ምን ብሎኝ ይሆን?