ጡሩምባ ያልተነፋላቸው
የአቶ ጉተማ ገመዳ እና የኖራው ሜዳ የሕይወት ታሪክ (1941–2018 ዓ.ም)

ከዚህ ቀጥሎ የሚነበበው ሁሉ፣ አንዳንዱ ለጆሮ ቢከብድም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነው። ማርያምን። ቤተሰቡ «አደራህን፣ በአጎትህ ሬሳ ላይ ደግሞ ተረትህን እንዳታመጣ» ብሎ ስላስጠነቀቀ፣ ጸሐፊው እጁን ሣጥኑ ላይ አድርጎ ምሏል። የማያምን ካለ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ይጠይቅ፤ ለጊዜው ግን ዝም ብሎ ያዳምጥ።

አቶ ጉተማ ከአባታቸው ከአቶ ገመዳ ዋቆ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሶሲ ኤባ በ1941 ዓ.ም በአርሲ ነገሌ ተወለዱ። የተወለዱት በገበያ ቀን ነው። የመጀመሪያ ጩኸታቸው እህል የጫኑ አህዮችን አስደንብሮ የአንዱ ገብስ ከሌላው ስንዴ ጋር እንደተደባለቀ፣ ያዋለዷቸው ሴትዮ እስኪሞቱ ድረስ ሲናገሩ ኖረዋል። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው የቀረውን ትምህርት በጭነት መኪና ላይ ጨረሱ። በ1958 ዓ.ም ወደ አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት ወደምንላት ከተማ መጥተው በአንድ ፊያት ላይ ረዳት ሆኑ፤ መንገዳቸውም ሻሸመኔ ደርሶ መልስ ነበር።

በ1962 ዓ.ም የዝዋይ ልጅ ከሆኑት ከወ/ሮ ዘርፉ ጋር ትዳር መሠረቱ። ወ/ሮ ዘርፉ የፊያቷን ድምፅ ከሌላ መኪና ሁሉ ለይተው ስለሚያውቁ፣ ገና ከሩቅ ስትመጣ የእግር መታጠቢያ ውሃ ይጥዱ ነበር። ትዳሩ አንድ ዓመት እንኳን አልሞላም።

በ1963 ዓ.ም ያ ክፉ የተቅማጥ በሽታ ገባ። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ አይገኝም ነበር። አቶ ጉተማ ያን ጊዜ ሻሸመኔ ላይ መንገድ ተዘግቶባቸው ቆይተው ሲመለሱ፣ ቤታቸው ከውስጥም ከውጭም ኖራ ተረጭቶ ባዶውን ጠበቃቸው። ወ/ሮ ዘርፉን ቀባሪዎች በጋሪ ወስደው፣ በወንጂ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ከሌሎች ሟቾች ጋር ቀብረዋቸዋል። ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ጉድጓድ ገብቶ ኖራ ለበሰ። ከዚያ ወዲህ ቦታው የኖራው ሜዳ ተባለ። ወ/ሮ ዘርፉ ያረፉት ከመንገዱ ገባ ብሎ ካለው ሦስተኛው ግራር ሥር መሆኑን፣ ከቀባሪዎቹ አንዱ ለአቶ ጉተማ አሳይተዋቸዋል።

ሰው በሰው ላይ እንዳይሰበሰብ ተብሎ የእድር ጡሩምባ ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ ድንኳን አልተተከለም፣ ንፍሮ አልተቀቀለም፣ «እግዜር ያጽናህ» ያላቸውም የለም። የወ/ሮ ዘርፉን መሞት ያልሰሙ ጎረቤቶች በየመንገዱ እያስቆሙ «ዘርፉ ደህና ናት?» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም «ደህና ናት» ማለት ጀመሩ።

አንድ ቀን ወደ እድሩ ጡሩምባ ነፊ ቤት ሄደው፣ ሚስቴ ስትሞት ለምን ዝም አልክ ብለው አፋጠጡት። ሰውዬው ትእዛዝ መሆኑን አስረድቶ፣ ከዚያ ወዲህ ጡሩምባውን ሲያየው እንደሚያንገሸግሸው ተናግሮ፣ ከግድግዳው ላይ አውርዶ ሰጣቸው። አቶ ጉተማም ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ረዳትም ሆነው በኋላም ሹፌር ሆነው፣ ለሰፈሩ ሟች ሁሉ ጎህ ሲቀድ እየተነሱ ሲነፉ ኖሩ። ለኖራው ሜዳ ሙታን ግን የተነፋ ነገር አልነበረም።

በ1970 ዓ.ም ወ/ሮ ጉዲቱን አግብተው ኤባንና ጋዲሴን ወልደዋል። ሽንኩርት ከባቱ እየጫኑ ልጆቻቸውን ለቁም ነገር አብቅተዋል። እሑድ እሑድ ወደ ሜዳው መሄዳቸውን ወ/ሮ ጉዲቱ ያውቁ ነበር፤ የት ነበርክ ብለው ግን ጠይቀዋቸው አያውቁም።

በ2004 ዓ.ም የኖራው ሜዳ ለጭነት መኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው፣ ነገ ዶዘር ይገባል ተባለ። አቶ ጉተማ በየቢሮው ሄደው፣ እዚያ ሰው አለ ብለው ነበር። በየቢሮው የተሰጣቸው መልስ፣ በካርታው ላይ መቃብር የሚባል ነገር እንደሌለ ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ሊነጋ ሲል ጡሩምባቸውን ይዘው ወጥተው ነፉ። የጉተማ ገመዳ ባለቤት ወ/ሮ ዘርፉ ስላረፉ ድንኳንና አግዳሚ ይውጣ፣ ቀብሩም የኖራው ሜዳ ነው ብለው ለፈፉ። መቼ እንዳረፉ ግን አልተናገሩም።

ሰፈርተኛው ዘርፉ የጉዲቱ የመዝገብ ስሟ መሰለው። መቼም የሰው ሙሉ ስሙ በእኛ ሰፈር የሚታወቀው ሲሞት ነው። ሴቶቹ ደረት እየመቱ፣ ወንዶቹ ድንኳን ተሸክመው ግቢውን ሲሞሉት ወ/ሮ ጉዲቱ ራሳቸው መጥረጊያ ይዘው በሩን ከፈቱ። ከፊት የነበረችው ሴት «ጉዲቱዬ፣ ጥለሽኝ» እያለች አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ፣ ማንን እንዳቀፈች የገባት ቆይታ ነው።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ኦሊቃ ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

«አንተ ጉተማ፣ ይህች ሴትዮ መቼ ነው የሞተችው?»

«መሞቷማ ቆየ፣ ጋሼ። የተነገረላት ግን ዛሬ ነው።»

አቶ ኦሊቃ ጡሩምባውን እቀማሃለሁ ብለው ፎከሩ። ነገር ግን በእድራችን ከግምጃ ቤት የወጣ ድንኳን ሳይተከል አይመለስም፤ ከተመለሰ ሌላ ሬሳ ይጠራል ይባላል። ማን ደፍሮ ይመልሰው? ወ/ሮ ጉዲቱ መጥረጊያውን አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ቀድመው መንገዱን ያዙ። ሕዝቡም ተከተላቸው።

ዶዘሩ ሲደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ለቀስተኛው ተቀምጧል። የዶዘሩ ሹፌር ኡበይደላ የሚባል የባቱ ልጅ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ ቆቡን አወለቀ፣ «ጀባዳ» ብሎ ሁሉንም በኦሮምኛ አጽናንቶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ንፍሮም ዘገነ። አለቃው ደውሎ የት ደረስክ ሲለው «ለቅሶ ላይ ነኝ ጌታዬ» አለና ዘጋው።

ወሬው ከተማውን አዳረሰው። ወ/ሮ ሑስና የሚባሉ እናት ከገበያ ሮጠው መጥተው «አባቴም እዚህ ነው፤ አንድ ቀን አላለቀስኩለትም» ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! ከወንጂም ከሞጆም እየመጣ፣ ሁሉም በልቡ ይዞት የኖረውን ስም ተናገረ። በአንድ ወገን ዱዓ፣ በአንድ ወገን ፍትሐት ተደረገ። አቶ ጉተማም ለእያንዳንዱ ስም ነፉ። የመጨረሻውን ሲነፉ ሞጆ መውጫ ላይ የነበረ የተሳቢ ሹፌር፣ ከኋላው መኪና የመጣ መስሎት ጥግ ይዞ አሳለፈ። ሹፌሩ ዛሬም በሕይወት አለ።

ሜዳው ግን ሙሉ በሙሉ አልተረፈም። ለመንገድ የቀረበው ግማሹ በኋላ ተደልድሎ መኪና ይቆምበታል። ሌላው ግማሽ በእሾህ ታጥሮ ቀረ፤ ሦስተኛውም ግራር ከአጥሩ ውስጥ ነው።

በ2012 ዓ.ም ሌላው ወረርሽኝ ሲመጣ ሜዳው ለጊዜው ለቀብር ተከፈተ። አቶ ኦሊቃም በዚያው በሽታ በ2013 ዓ.ም አረፉ። ለቅሶ እንደገና ተከልክሏል። አቶ ጉተማ ግን በዚያን ዕለት ጠዋት ጡሩምባቸውን ነፍተው እንዲህ አሉ፦

«ጋሼ ኦሊቃ አርፈዋል። ማንም እንዳይመጣ። ሁሉም በየደጁ ቆሞ ያልቅስ።»

ሰፈሩ በየደጁ ቆሞ አለቀሰ። አቶ ጉተማ ቤት ገብተው በራቸውን ዘጉ፤ የዚያን ቀን የበላቸው ሐዘን የጋሼ ኦሊቃ ብቻ አልነበረም። ለካ መናገርና መሰብሰብ ለየብቻ ኖሯል። ለዘርፉም እንዲህ ማድረግ ይቻል ነበር እያሉ፣ ከዚያ በኋላ ደጋግመው ይናገሩት ነበር።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ሳንባቸው እምቢ አለ። ያ ሁሉ ትንፋሽ ሻማ ማጥፋት አቃተው። በአልጋቸው ላይ ሆነው የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዘርፉ አጠገብ ቅበሩኝ። ልጆቻቸው ከፋቸው፤ ቤተ ክርስቲያን እያለ በእሾህ አጥር ውስጥ፣ እናታችንስ ምን ይሰማታል አሉ። ወ/ሮ ጉዲቱ ግን ከሁሉ ፊት እንዲህ ብለው ቆረጡት፦

«እኔ ጋ ኖረዋል፣ ጠግቤያቸዋለሁ። እሷ ግን አልጠገበችም። ይሂዱላት።»

ፈቃዱንም ራሳቸው በየቢሮው ተመላልሰው አመጡ።

አቶ ጉተማ ገመዳ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም በተወለዱ በ77 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ጉዲቱን፣ ልጆቻቸውን ኤባንና ጋዲሴን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ የእህታቸውን ልጅ ማናሴንና ያነቋቸውን የሰፈር ሰዎች ሁሉ ትተው ሄደዋል። ያልተነገረለትን ሁሉ በስሙ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ በዚህ ሜዳ የተኙትንም ሁሉ አብሮ ያሳርፍ። አሜን።

ሲጀመር ተምሏልና አንዲት ነገር ሳትታረም ብትቀር ሬሳውን መዋሸት ይሆናል። የግራሩን ነገር የጨመርኩት እኔ ማናሴ ነኝ፤ ለልጆቹ ይቅለላቸው ብዬ። ለአጎቴ ያሳያቸው ሰው የለም፤ ቀባሪዎቹ ራሳቸው አልተረፉም። ወ/ሮ ዘርፉ ከአጥሩ ውስጥ ይሁኑ ከመኪኖቹ ሥር የሚያውቅ የለም። አጎቴ እሑድ እሑድ ሲመጡ በየጊዜው ቦታ እየቀያየሩ ነበር የሚቀመጡት፤ አንዱ ቀን እንኳን አጠገቧ እንዲሆንላቸው።